ባዶው የዱኩ ፍሬም

እኔን እንግዲህ ታውቁኛላችሁ፣ ጅብ ቢመጣ "ሰላም ነው?" ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ፣ መንፈስ ምናምን ሲባል ሳቄ ነው የሚመጣው፣ ትምህርቱንም ከስምንተኛ ክፍል ነው ቻው ያልኩት፣ ስለዚህ አንብቦ ፈጠረው እንዳትሉኝ።

ሙቪንግ ነው የምሰራው፣ የሰው ዕቃ ማጓጓዝ፣ ጋሽ ተፈራ ይነዳሉ እኔ እሸከማለሁ፣ ፍሪጅ ብቻዬን ነው የማወርደው፣ ጠይቁ። ባለፈው ዊንተር፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር የአንዲት ሄልጋ የምትባል ጀርመን አሮጊት ዕቃ ልንጭን ሄድን፣ ሂሊያርድ የሚባል ሌላ ሰፈር ትንሽ አፓርታማ ልትገባ ነው። ሳሎኗ ውስጥ ሟች ባሏ የተወላት አራት ትልልቅ ስዕል ተሰቅሏል፣ ዱኮች፣ ማለት የድሮ የአውሮፓ መሳፍንት፣ ኮሎምበስ አሜሪካን ሳያገኝ በፊት እያንዳንዱ የራሱን ግዛት የሚገዛ፣ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያለ ይወርዳል፣ ስማቸው ከስር ተጽፏል። አምስተኛው ፍሬም ግን ባዶ ነው፣ ጥቁር ሸራ ብቻ።

"ይሄኛውስ ሽንት ቤት ሄዶ ነው?" አልኳት።

አልሳቀችም። "የመጨረሻው ዱክ ሩዶልፍ፣ ያ አራተኛው ስዕል ላይ ያለው፣ ግዛቱን ለመጠቅለል የወንድሙን ልጅ ግንብ ውስጥ ቆልፎ በረሃብ ገደለው። ከዛ እሱም ልጅ አጣ። ይወለድልኛል እያለ ፍሬሙን አሰርቶ ሲጠብቅ ሞተ፣ ዘሩ እዛ ላይ ቆመ" አለችኝ።

እኛ ደግሞ ሚስት ስናገባ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ? እኔ ሰባት አባቶቼን በአንድ ትንፋሽ ነው የምጠራው፣ ሜሮንን ላገባ የሷ ቤተሰቦች ፊት ስቆጥር አጨብጭበውልኛል፣ ያኔ እሷ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። እና ባዶው ፍሬም ስር ሄጄ ደረቴን ነፋሁና፣ "ምን ያስጠብቀዋል፣ እኔ አለሁ አይደል! ቢኒያም ሩዶልፍ፣ ሩዶልፍ ኦቶ፣ ኦቶ ኧርነስት፣ ኧርነስት ዊልሄልም!" አልኩ።

"ተው አንተ!" አሉ ጋሽ ተፈራ። "በአባት ይቀለዳል?"

"ጋሼ፣ ዱክ ቢኒያም በሉኝ እንጂ!"

ሄልጋ ፊቷ አመድ መሰለ፣ የምታየው ግን እኔን አልነበረም፣ ሩዶልፍን ነው።

ስዕሎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና ወጣን፣ ሃይዌይ ላይ ከኋላ ኳ አለ፣ የጣት ቀለበት ብረት ሲመታ አለ አይደል፣ እንደዛ።

"ቢኒያም፣ በደንብ አላሰርክም።" ኳ።

"እኔ ቢኒያም? እኔ አስሬ?" ኳ።

ጋሽ ተፈራ ለመሞከር ቀስ ብለው "ተፈራ" አሉ። ምንም። "ቢኒያም።" ኳ። ሬዲዮውን እስከ ጥግ ለቀቅኩት።

ሂሊያርድ ደርሰን መጀመሪያ ሩዶልፍን ገለጥነው። ስጠቀልለው፣ እናቴ ትሙት፣ ባለ ቀለበቱ እጁ ሰይፉ ላይ ነበር። አሁን እጁ ተዘርግቷል፣ ልጁን ና እንደሚል አባት።

"ጋሼ፣ እጁ..."

"አይቻለሁ። ዝም ብለህ አውርድ።"

ሜሮን ሁሌ ከስራ ስገባ "ለልጅህ ቁጠርለት" ትለኛለች፣ አፌን ሆዷ ላይ አድርጌ ሰባት ቤት እቆጥርለታለሁ። ያን ቀንም "ቢኒያም..." አልኩና ቆምኩ። የአባቴ ስም የለም። ሌላ ስም አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት።

"ምነው ጉረኛው፣ ትንፋሽ አጠረህ?" ብላ ሳቀች።

በረንዳ ወጥቼ አዲስ አበባ ለአባቴ ኮል አደረግኩ። "ባባ፣ እኔ ነኝ፣ ቢኒያም።"

"የማን ልጅ ቢኒያም?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፣ እሱ አልሳቀም። "ተሳስተሃል መሰለኝ የኔ ወንድም፣ እኔ ወንድ ልጅ የለኝም" ብሎ ዘጋው።

ይሄው እስካሁን የአባቴን ስም ከመንጃ ፈቃዴ ላይ ነው የማነበው፣ አፌ ግን አይዘውም፣ ሜሮን ደግሞ ቀኗ ደርሷል፣ ወንድ ነው ብለውናል። ትናንት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ "እየተራገጠ ነው፣ ና እጅህን አስቀምጥ" አለችኝ። በሩ ጋ ቆሜ ቀረሁ።

"ቢኒያም፣ ና እንጂ!" አለች።

ከሆዷ ውስጥ፣ እመኑኝ፣ ኳ።