የድሪቶው ኪስ

አሮጊቷ ጨርቅ ጠጋኝ የሞቱት ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ድሪቶውን ጉልበታቸው ላይ እንደዘረጉ ነው። ያገኘቻቸው አብራቸው የምትኖረውና የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ሁሉም «ልባቸው ነው» ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሆስፒታሉ ሌላ ነገር ጻፈ፤ ወረቀቱም መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

መርማሪዋ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ቀርቷታል። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐዘን ቤት ገብቶ ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ ከጉልበቷ የባሰ ያማታል። አለቃዋ ነገሩን አቅልሎ ነው የነገራት። ቤት ውስጥ የነበረችው አንዲት ሴት ናት፤ እሷኑ ይዘሽ ነይ አላት።

«እሷኑ» የተባለችው ክብሪት ናት። ክብሪት ስሟ አይደለም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ቤታቸው ተቃጥሎ አባቷ ሞተ፤ እሳቱን ስትጫወት ያስነሳችው እሷ ናት ተባለ። ቅጽል ስሙ ያኔ ወጣላት፣ ይኸው አርባ ዓመቱ፣ አልለቀቃትም። እናቷ ዓይኗን ማየት ስላልቻለች ያሳደጓት አክስቷ ናቸው።

ድሪቶው ያኔ ነው የተሠራው። እናትየው ከቤተሰቡ አሮጌ ልብሶች ቁራጭ እያጋጠመች የሰፋችው የአልጋ ልብስ ነው፤ ድሪቶ የሚሉት በፍቅር ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ታሪክ አለው። መሃሉ ላይ ከነኪሱ የተሰፋው ጥቁር የኮት ቁራጭ ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ የክብሪት ታላቅ ወንድም በአሥራ አራት ዓመቱ ነበልባሉን ያፈነበት ኮት ነው ይባላል። እናትየው ከሞተች በኋላ ጨርቁ እያለቀ ሲመጣ የወንድምየው ሚስት ለልጆቻችን ይተርፍ ብላ እንዲጠግኑት ለአክስትየዋ አመጣችላቸው።

ክብሪት፣ ወንድሟና ሚስቱ፣ ሦስቱም የአክስትየዋ ቤት ቁልፍ አላቸው። ክብሪት በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር ትላለች፤ ምስክር ግን የላትም። መርማሪዋ ሦስቱንም ለየብቻ አስቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ነገረቻቸው፦ «ሴትዮዋ የሞቱት በመርፌ ነው።»

ክብሪት ወደ መርፌ መሰኪያው ዞራ ቀስ እያለች ቆጠረች። «አሥራ አንዱም አሉ» አለች።

የወንድምየው ሚስት መጋረጃ በስፌት መኪና ትሰፋለች። «ዝጎ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «የዛገ መርፌ ይጣሉ ብዬ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ።»

ወንድምየው የተከበረ የእንስሳት ሐኪም ነው። «የሥራ ቦርሳዬን ከከፈትኩ ወር አልፎኛል» አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ ላይ መፍረድ ይከብደኛል፤ ግን እሷ እጅ የገባ ነገር መጨረሻው አመድ ነው» ሲል ጨመረ።

መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ድሪቶውን ስትመረምር አመሸች። አክስትየዋ እንዴት ይሠሩ እንደነበርም ክብሪትን ጠየቀቻት።

«ቋጠሮ አይወዱም ነበር» አለች ክብሪት። «አሮጌ ጨርቅን ቋጠሮ ይቀደዋል። ክሩን በትንንሽ ስፌት ያስይዙትና ይቀጥላሉ። እኔንም ስቋጥር ካዩኝ ያስፈቱኝ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«እዚህ ቤት መርፌ ሲባል ሰው የሚያስበው የስፌቱን ነው» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እህትዎ መርፌ ቆጠረች። ባለቤትዎ ዝገት ጠየቁ። እርስዎ ግን ስለ ቦርሳዎ ነገሩኝ። የሐኪም መርፌ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ሐኪም ነኛ። ሌላ ምን ላስብ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ አልፌው ነበር፤ ይኼን እስካይ።» የኮቱን ኪስ አፍ አሳየቻቸው። «አምስት ስፌት። እያንዳንዱ ለብቻው ተቋጥሮ፣ ለብቻው ተቆርጧል። አክስትዎ አይቋጥሩም፣ ክብሪትም አትቋጥርም። ባለቤትዎ ቢቋጥሩም ክሩን አምስት ቦታ አይቆርጡትም። እንዲህ የሚሰፋ ጨርቅ የለም። እንዲህ የሚሰፋው ቁስል ነው።»

ሚስትየው ስፌቱን አየች፣ የባሏን እጅ አየች፣ ወንበሯን ከእሱ ራቅ አደረገች።

መርማሪዋ ስፌቱን በመቀስ በጣጥሳ ኪሱን ገለበጠችው። የውስጡ ገበር መዳፍ የሚያህል ተቃጥሏል፤ በውጭ በኩል ያለው ቀዳዳ ግን ሽምብራ አያህልም።

«እሳት ያፈነ ኮት ከውጭ ነው የሚቃጠለው» አለች። «ይኼ የተነሳው ከኪሱ ውስጥ ነው። አክስትዎ ሊጠግኑት ሲፈቱት አዩት። የቀረውን እርስዎ ይንገሩን።»

ወንድምየው ሲናገር ማንንም አላየም። አባቱ ድንገት ሲመጣበት ሲጋራውን ኪሱ ውስጥ ደበቀ፤ ኮቱ ሲጤስ ደንግጦ ቤቱ ጥግ የተከመረው ገለባ ላይ ወረወረው፤ መልሶ ቢያነሳውም ረፍዶ ነበር። አክስቱ ደውለው እስከ ማታ አንተው ለእህትህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ አሉት። ጠዋቱኑ መጣ፤ ለታመመ ከብት ማስተኛ የሚወጋውን መድኃኒት ይዞ። ሲጨርስ የተፈታውን ኪስ በለመደው እጁ መልሶ ሰፋው፤ ድሪቶው ቢጠፋ ይፈለግ ነበርና።

«ጋሼ» አለች ክብሪት። ፖሊሱ ይዞት ወጣ፤ ሚስትየውም አልተከተለችውም።

ሁለቱ ሲቀሩ ክብሪት «እናቴ ታውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

መርማሪዋ ደከማት። መዋሸት ትችል ነበር። «ከአምስቱ ስፌት ሥር የድሮ የመርፌ ቀዳዳ አለ» አለቻት። «ኪሱን መጀመሪያ የዘጋችው እናትሽ ናት።»

ክብሪት ድሪቶውን ጠርዙን ከጠርዝ አጋጥማ አጠፈችው።

መርማሪዋ ቃሏን ልትቀበል ወረቀት አወጣች። «ስምሽን ንገሪኝ። ዋናውን።»

ሴትየዋ ስሟን ተናገረች። ለጆሮዋ እንግዳ ሆነባትና ደገመችው።

«በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው?»

«እኔ እንጃ» አለች። «በሱ የሚጠሩኝ አክስቴ ብቻ ነበሩ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከወረቀቱ አናት ላይ በተጠርጣሪነት የተጻፈውን «ክብሪት» ሰርዛ፣ በመሰላት ሀ ስሙን በደንብ አድርጋ ጻፈችና፣ እንድታየው ወረቀቱን አዞረችላት።