አያ ስማቸውን ከስልኩ ያወጣንበት ቀን

ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ቀላል ነው ይላሉ፣ ውሸት ነው። ገመዱን ትሰካለህ፣ ትገለብጣለህ፣ አለቀ ይሉሃል፣ ይህን የሚሉት ግን ስልካቸው ከራሳቸው የበለጠ አዋቂ የሆነላቸው ሰዎች ናቸው። ያችን ባለ ቁልፍ ስልክ፣ አናቷ ላይ ባትሪ መብራት ያላትን፣ ሬዲዮዋ ሰፈር የሚቀሰቅሰውን፣ ካሜራዋ ግን ሰውን ከግንድ ለመለየት የሚቸገረውን ስልክ ይዘው አንድ ቀን ቢሞክሩ ኖሮ አፋቸውን ይዘጉ ነበር።

ሌላም ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። እኔ ሙት መጣ፣ ሙት ተናገረ የሚባል ወሬ አምኜ አላውቅም፣ አሁንም አላምንም። ጎረቤቶቼ ሌሊት ከዘንገና ሐይቅ ስለሚሰማ ድምፅ ሲያወሩ «ነፋስ ነው» ብዬ የማልፍ፣ በዚህም የተነሣ ለቅሶ ቤት ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያወራልህ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጨለማ ነበር፣ ጅብ ይጮህ ነበር ይልሃል፣ የእኔው ከምሳ በኋላ፣ ዳንግላ መሐል፣ በገበያ ቀን የሆነ ነው። እመነኝ፣ ቢመቸኝ ጨለማ አደርግልህ ነበር፣ ለማስተባበልም ይቀለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታላቅ እህቴ የየሺ ባል አያ ስማቸው ሞቶ ሙት ዓመቱ ተቃርቦ ነበር። አያ ስማቸው ፈረሰኛ ነው፣ እኛ አገር ፈረሰኛ ማለት ደግሞ ፈረስ ያለው ሰው ማለት ብቻ አይደለም፣ ሰውየው ሲነሣ ፈረሱ አብሮ የሚነሣ፣ «ዳማው መጣ» ሲባል ማን እንደመጣ የሚታወቅ ማለት ነው። ሲቀበርም ዳማው ፈረሱ ተሸልሞ፣ ካባው ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ለቅሶው መሐል ሲዞር ያላለቀሰ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን የሺ ፈረሱን ማየት አልቻለችም፣ ለአንድ የጥሊሊ ሰው ሸጠችው።

የሺ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ሐውልቱ ላይ የባሏን ፎቶ። ችግሩ ሰውየው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ በላብና በዝናብ ታጥባ ፊቱ ጠፍቶ አንገትጌው ብቻ ቀርቷል፣ አንገትጌ ደግሞ ሐውልት ላይ አይለጠፍም። በዓለም ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ በራሱ ስልክ ውስጥ ያለችው ነበረች፣ የፈረስ በዓል ለት ዘመድ ያነሣው፣ የዳማውን ልጓም ይዞ ቆሞ እንደ ልማዱ ወደ ጎን እያየ። ስልኳም ልትሞት ነው፣ ባትሪዋ አብጦ ጀርባዋ አልገጥም ብሏል፣ በላስቲክ ታስራለች፣ ካጠፏት መነሣቷ በእግዜር እጅ ነው።

«ይቺ ስልክ ከሞተች እሱም ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው» አለችኝ የሺ፣ እንጅባራ ቤቴ ድረስ በመሐረብ ጠቅልላ አምጥታ። «አንተ ኮምፒውተር አለህ አይደል? ስትጽፍበት ነው የምትውል። አንድ ፎቶ ማውጣት ያቅተዋል?»

አቃተው። ገመዱን ስሰካው ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ነገር አላውቅም አለኝ። ሌላ ገመድ ተውሼ መጣሁ፣ እሱ ጭራሽ አልገባም። ብሉቱዝ ስከፍት የጎረቤቴን ስልክ፣ ከዚያ ማዶ ያለውን የመጠጥ ቤት ማጫወቻ አገኘልኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ስልክ ግን አላያትም። በስንት ልመና አይቷት የሚስጥር ቁጥር ሲጠይቀኝ መብራት ሄደ። የሺ ስልኳን በመሐረቧ መልሳ ጠቀለለች። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ዳንግላ፣ ከድጃ ዘንድ ሄድን።

ከድጃ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ፣ ጉርድ ፎቶ የምታጥብ፣ ምላሷ ከማተሚያዋ የፈጠነ ሴት ናት። ዝናቡ ይወርዳል፣ ኮፒ የሚጠብቁ ሁለት ገበሬዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ደጅ አቁሞ ዝናቡን ሸሽቶ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይቺን ስልክ ከየት ቆፍረው አመጧት?» አለች ከድጃ።

«ቀልዱን ተዪና ከእንጅባራ የመጣንባትን ፎቶ አውጪልኝ።»

«ለፎቶ ይህን ያህል መንገድ!» አለ ጋሪ ነጂው፣ «እኔ ጥርሴን ለማስነቀልም ይህን ያህል አልሄድኩ።»

ከድጃ ፎቶዋን ከስልኳ ወደ ሜሞሪዋ ገለበጠች። ሜሞሪዋ ያለችው ግን ከባትሪው ሥር ነው፣ እንዲህ አድርገው የሠሩትን ሰዎች አንድ ቀን ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ባትሪው ካልወጣ ሜሞሪዋ አትወጣም፣ ባትሪው ከወጣ ደግሞ ስልኳ ትጠፋለች። ከድጃ ላስቲኩን ስትፈታ የሺ እጇን ያዘች።

«ልጄ፣ ጠፍታ ብትቀርስ?»

«እትዬ፣ ካላጠፋኋት አላወጣትም። ወይ ያምኑኛል ወይ ይዘዋት ይሄዳሉ።»

የሺ እጇን ለቀቀች። ሜሞሪዋ ወጣች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰካች፣ ፎቶው ተከፈተ። ዳማው ቆሟል፣ ሣሩ አለ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ አለ፣ አያ ስማቸው የለም። ልጓሙ ግን ተወጥሯል ወዳጄ፣ ሰው እጅ ላይ እንዳለ ልጓም ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ተወጥሮ ጫፉ አየር ላይ ቀርቷል።

«ሌላ ፎቶ ነው የገለበጥሽው» አልኩ።

«ሌላ ፎቶ የላትም እኮ ጋሼ።»

ስልኳን መልሰን ገጣጠምናት፣ አልነሣም ብላ ስታለፋን ቆይታ ተነሣች። ስልኳ ላይ ሰውየውም አለ፣ ፈረሱም አለ። እንደገና ገለበጥን፣ እንደገና አጠፋን፣ እንደገና ሰካን፣ እንደገና ፈረሱ ብቻውን። በዚህ ጊዜ ፈራሁ ብልህ ዋሸሁ፣ ተናደድኩ። ቀኑ እየሄደ ነው፣ የእንጅባራ ሚኒባስ ቶሎ ያልቃል፣ ድንጋይ ጠራቢው ፎቶውን ነገ ካላመጣችሁ አልሠራም ብሏል።

«ቫይረስ ነው» አልኩ።

«ቫይረስ ፋይል ይበላል እንጂ ጋሼ፣ ፈረሱን ትቶ ሰውየውን መርጦ አይበላም» አለች ከድጃ፣ ያን ጊዜ ግን ድምጿ ውስጥ ቀልዱ ቀንሷል።

አንደኛው ገበሬ አንገቱን አስግጎ አየና «ሰውየው አልወጣም ብሎ ነው» አለ፣ ስለ ፍየል እንደሚያወራ ቀለል አድርጎ።

የሺ ይሄኔ ስልኳን ከከድጃ እጅ ወሰደችና ወደ አፏ አስጠግታ በአዊኛ ተናገረች። ለባሏ የምትናገርበት ቋንቋ እሱ ነው፣ እኔን የምትሰድበኝ በአማርኛ ነው። ጮክ አላለችም፣ ያለችውም «ሰው እየጠበቀህ ነው፣ እፍረቱን ተውና ግባ» ነው። ከዚያ ስልኳን ለከድጃ መለሰችላት፣ ከድጃም እንደገና አስነሥታት ለሦስተኛ ጊዜ ገልብጣ ሜሞሪዋን ሰካች።

አሁን የምነግርህን ቀስ ብለህ ስማኝ። መጀመሪያ ደጅ ያለው የጋሪ ፈረስ አንገቱ ላይ ያለው ቃጭል አቃጨለ፣ ይህ ምንም አይደለም፣ ፈረስ ዝናብ ሲመታው ራሱን ያራግፋል። ቀጥሎ በሩ ላይ በተነጠፈችው ጆንያ ጭቃ የሚጠርግ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ይህም ምንም አይደለም፣ የገበያ ቀን ነው። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ የተቀመጠችው የሺ ግን ብድግ አለችና «ኖር!» አለች።

የእኛን አገር ሰው ታውቃለህ። ትልቅ ሰው ሲገባ ኖር ብለህ ትነሣለህ፣ ማን እንደገባ የምታየው ከተነሣህ በኋላ ነው፣ እግርህ ከዓይንህ ይቀድማል። ገበሬዎቹ ተነሡ፣ ጋሪ ነጂው ባርኔጣውን አውልቆ ተነሣ፣ ከድጃ አንድ እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ተነሣች፣ እኔ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰውዬ፣ ከሁሉም ፈጥኜ ተነሣሁ። «በግዜር» የሚል መልስም ሰማሁ፣ ዝቅ ያለ፣ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሰው። ዞሬ ሳይ በሩ ላይ ዝናብ እንጂ ሰው የለም።

«ማን ገባ?» አልኩ።

«እኔ እርስዎ ሲነሡ ነው የተነሣሁት» አለ ጋሪ ነጂው።

«በግዜር ያለውስ ማነው?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ለራሴ ተነሥቼ ለራሴ የምመልስ እብድ እመስላለሁ?»

ከድጃ ምንም አልሰማሁም አለች፣ እስከ ዛሬም አልሰማሁም ትላለች፣ ብቻ የተነሣችው ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ ትቆጣለች። የሺ ማንንም ሳታይ በርጩማዋን ወደ ኮምፒውተሩ አጠገብ ገፋ አደረገችና እሷ ቆመች። የሚያናድደው ደግሞ ይህ ነው፣ ትልቅ ሰው ሳይቀመጥ አይቀመጥም፣ ቁጭ በሉ የሚለን ሰው ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ባዶ በርጩማ ከበን ቆመን ቀረን፣ እኔ ልቀመጥ ብዬ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ እመነኝ፣ ነውር ሆኖ ተሰማኝና መልሼ ቀናሁ። ቤቱን የፈረስ ላብ ሸተተው። ጋሪ ነጂ አለ፣ ይሸታል፣ ግን ቀድሞም እዚያው ነበር።

«ቢስሚላህ» አለች ከድጃ። ፎቶው ተከፍቷል።

አያ ስማቸው ነው። ብቻውን፣ በካባው፣ ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ እጁም ባዶ ነው። ፈረሱ የለም፣ ፈረሱ የነበረበት ቦታ ሣር ብቻ ነው። ፊቱን አላዞረም፣ ፊት ለፊት ያየናል፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ካሜራ አይቶ የማያውቅ ሰው። የሺ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ የደስታ ነው ብዬ ወሰድኩት፣ «አትሚው ቶሎ» አልኩ፣ ከድጃም አተመችው።

ስልኳን ያበራናት ለመጨረሻ ጊዜ ነው። እዚያ ያለው ዳማው ብቻ ነበር፣ ልጓሙ መሬት ወርዶ፣ አንገቱን ከፎቶው ጠርዝ ውጭ ወዳለ ነገር አዙሮ። ከድጃ መገልበጥ የሚለውን እንጂ መቁረጥ የሚለውን አልነካሁም ብላ ማለች። ከዚያ ስልኳ ጠፋች፣ ስንት ጠጋኝ ዞርኩባት፣ አልተነሣችም።

ሐውልቱ ቆመ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ፣ ያየው ሁሉ «ቁርጥ ራሱን!» አለ። እኔም ነገሩን ለኮምፒውተር አዋቂ ነግሬ፣ የተበላሸ ፋይል ነው ብሎኝ፣ ተስማምቼ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሺ መጣች፣ ሳትቀመጥ።

«ከፈረሱ ለየኸው» አለችኝ።

«ፎቶ አምጣ አልሽ፣ አመጣሁ።»

«ፊቱን ነው የፈለግሁት። ፈረሰኛን ከፈረሱ ለይ አላልኩህም። ሲመሽ ከአጥር ወዲያ ያፏጫል፣ ዳማውን ሲጠራ የሚያፏጨውን። ያፏጫል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያፏጫል።»

«እታለም፣ ነፋስ ነው።»

«እንግዲያው መጥተህ ነፋሱን ስማው።»

ሄድኩ። ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ ሰማሁ፣ ነፋስ ነው ብዬ ነግሬያት ተመለስኩ፣ ግን ላንተ ልንገርህ፣ ነፋስ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አያጥረውም፣ ሳል አቋርጦትም ከመጀመሪያው አይጀምርም። ዳማውን መልሰን እንግዛ ብዬ ጥሊሊ ድረስ ሄጄም ነበር፣ ሰውየው «የትኛው? ያ ከቀብር የመጣው? ገመዱን በጥሶ ከሄደ ሰነበተ» አለኝና ሻይ ጋበዘኝ።

የሺ አሁን የምትለው አንድ ነገር ነው፣ መልሰህ አስገባው፣ እዚያው ዳማው ወዳለበት። ፎቶው ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ አልከፍተውም፣ ሌላ ስልክ ላይ ሞክሬ ፋይሉን አላውቀውም ብሎኛል። ከድጃ ዘንድ ስሄድ ከሩቅ አይታኝ «ጋሼ፣ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ይምጡ፣ ሌላ ከሆነ ወዲያ!» ትላለች።

ስለዚህ አስተያየትህን አልፈልግም፣ ማብራሪያህንም አልፈልግም። መሳቢያህ ውስጥ ያችን ዓይነት ባለ ቁልፍ ስልክ የምትሠራ ካለችህ አምጣልኝ። መጀመሪያ ግን ውስጧ ያለውን የራስህን ሰው አውጣ።