ማንገቻው

«ኡሙሃኒ፣ ያን ማንገቻ ያለውን ጀሪካን ስጪኝማ። ለለቅሶው ውኃ አልቋል።»

ኡሙሃኒ ከማሽላ አገዳው ክምር ላይ አልተነሳችም። ጀሪካኑ ከሥሯ ነበር።

«ተሸንቁሯል» አለች።

ጓደኛዋ ሰይዳ ትንሽ አየቻትና «ባለፈው ደህና አልነበር እንዴ?» ብላ ወጣች።

ማንገቻው ሰፊ፣ ጥቁርና ጠንካራ ነው፤ ትከሻ አይቆርጥም። የሰፈሩ ልጃገረዶች ገመድ እየላጣቸው ከጉድጓድ ሲመለሱ እሷ እየዘፈነች ትመለስ ነበር። ከየት እንዳመጣችው ለማንም አልተናገረችም። ከወር በፊት አባቷ አብዱሰመድ የሚነዳውን የመሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ስታጥብ ነው በሽንኩርት ቢላ የቆረጠችው። የሹፌሩን የወንበር ቀበቶ አልነካችም፤ አባቷ ያለ እሱ ሞተር አያስነሳም። የተሳፋሪው ግን አቧራ ለብሶ ከወንበሩ ጎን ተጥሎ ነበር። ሦስት ሰው ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ወንበር ማን ቀበቶ ያስራል? እንዲህ ብላ ነበር ያሰበችው፤ ሞኝ።

ማክሰኞ አባቷ የዘጠኝ ዓመት እህቷን ራህመትን ይዞ ወደ ዋጃ ሄደ። ከከተማው መግቢያ ላይ ግመል ድንገት መንገዱ ውስጥ ገባ። አባቷ ፍሬን ያዘ። እሱን ቀበቶው ደረቱን ቢያበልዘውም አተረፈው። ራህመት የፊቱን መስተዋት ሰብራ ወጣች።

ከቤት ውስጥ የአባቷ ድምፅ ይሰማል። ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ይደጋግማል።

«ከመነሳታችን በፊት ላስራት ፈለግሁ። እጄን ብሰድ የለም። ‹በይ ዛሬን አጥብቀሽ ያዥ› አልኳት። ዛሬን አልኳት!»

«የአላህ ውሳኔ ነው፣ አብዱሰመድ» አሉ ጎረቤታቸው ሸህ አሊ። «ሌባውም ተይዟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሌባ ያሉት ጋሽ ከማሉዲንን ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ። የአብዮት ጥበቃዎች የመኪናውን ቀበቶ፣ የመንግሥት ንብረት፣ ቆርጦ ሸጧል ብለው ቀበሌ አስረውታል። በዚያ ዘመን ይህ የዋዛ ክስ አልነበረም። ነገ ወደ ወልድያ ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። ለራህመት ሸንኮራ እየላጠ ይሰጣት የነበረ ሽማግሌ ነው።

ኡሙሃኒ ጀሪካኑን አወጣችና ማንገቻውን ፈታችው። ምድጃው ከጎኗ ይነድዳል። ብትጨምረው በአንድ አፍታ ያልቃል። ሰይዳም ትረሳዋለች።

ሳታስበው ከትከሻዋ እስከ ወገቧ በደረቷ ላይ ዘረጋችው። ደረሰ። ለእሷ ከደረሰ ለራህመትማ ይተርፍ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ፊቷን ሳትጠርግ ወደ ቤት ገባች። በለቅሶተኛው መካከል አልፋ አባቷ ፊት ተንበረከከችና ማንገቻውን ጉልበቱ ላይ አኖረችው።

«አባ፣ ጋሽ ከማሉዲን አይደለም።»

አባቷ ቢላዋ ያለፈበትን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው። ደግሞ ዳሰሰው። ቀና ብሎ አላያትም።

«ቀበሌ ልሄድ ነው» አለች። «ብቻዬን ግን እፈራለሁ።»

አባቷ በእጁ ምንጣፉን እየዳበሰ ጫማውን ፈለገ።