የሞቀው አቧራ

ንጋት የተባለው የፊዚክስ መምህር ትምህርት ቤት ሳይመጣ ሲቀር፣ ሰማው የተባለ ባልደረባው ሞጣ ከተማ ወደሚገኘው የኪራይ ክፍሉ ሄዶ አልጋው ላይ ሞቶ አገኘው። በሩም መስኮቱም ገጥሟል። ፊቱ ቀላ ከማለቱ በቀር አካሉ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ከቢቸና የተጠራው ኢንስፔክተር ማስተዋል ሲደርስ፣ ለፈተና እርማት ቢቸና የሰነበተችው የሟቹ ሚስት ወይንእሸት አብራው ከመኪናው ወረደች።

«ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት አይደረግለትም አሉኝ» አለችው። «ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

ኢንስፔክተሩ ሰማውን ለብቻው ወሰደው።

«ትናንት ስትጨቃጨቁ ተሰምቷል።»

«ስለ ጋላክሲ ነው» አለ ሰማው። «ከመሃላቸው ጄት የሚባል የጋለ ጅረት የሚወነጭፉ አሉ። ኢንፍራሬድ የሚባለው የማይታይ የሙቀት ብርሃናቸው ከራሱ ከጄቱ ነው አልኩት። እሱ ደግሞ፣ መሃሉን አቧራ ጋርዶታል፤ እሳቱ ባይታይም አቧራው ሞቆ ያሳብቅበታል ይላል። ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፉን መልሶበታል። ሰው ራሱን አጠፋ የሚለው ለዚህ ነው።»

«ማንኛችሁ ልክ ነበራችሁ?»

«እንደየጋላክሲው ይለያያል። ይህን ሳልነግረው ወጣሁ።»

የቤቱ ባለቤት እማማ ሀብትነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ደጁ ላይ ቆመዋል።

«ማታ ክፍሉ ገብተው ነበር እማማ?» አላቸው ማስተዋል።

«በሰው ጎጆ ምን አገባኝ፣ ልጄ።»

ማስተዋል ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኮ የጭቃውን ወለል በመዳፉ ዳሰሰ። አልጋው ግርጌ ሲደርስ እጁ ቆየ። ከዚያ የእማማን ማድቤት አይቶ ተመለሰና ሦስቱንም ደጁ ላይ ሰበሰባቸው።

«ወለሉ ቀዝቃዛ ነው» አለ። «አልጋው ግርጌ ግን ማንደጃ የሚያህል ክብ ለብ ብሏል። እሳት አድሮበታል። ቢጤስ ኖሮ ንጋት ይነቃ ነበር። በአመድ የተዳፈነ ከሰል ግን አያጨስም፤ በተዘጋ ቤት ቀስ ብሎ ይገድላል፣ ፊትንም ያቀላል። ሰማው እቤቱ የሚያበስለው በቡታጋዝ ነው፤ ከሰል የለውም። እሳት ዳፍኖ አሳድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ማድቤቱ የሚመልስ እዚህ ግቢ አንድ ሰው ነው። እማማ፣ ማንደጃውን ሲያወጡ የተኛ መስሎዎት ነበር።»

«የተኛ መስሎኝ» አሉ አሮጊቷ።

«ራሱን አጠፋ ሲባልስ? ፍትሐት ሊከለከል ሲል ለምን ዝም አሉ?»

እማማ ሀብትነሽ ወይንእሸትን ላለማየት መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ገደልኩት በሉና ይብቃ።»

«ከቢቸና ደውዬላቸው ነበር» አለች ወይንእሸት፣ ድምጿ ሳይለወጥ። «ብርድ አይችልም፣ እሳት ያስገቡለት ብዬ። ጭስ እንዳያስለው የተዳፈነ ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ማስተዋል ሞቱ በአደጋ መሆኑን ለካህናቱ ሊነግር ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ፍትሐቱ ተደረገ። ከቀብር መልስ ወይንእሸት ብቻዋን ወደ ክፍሉ ገባች። አልጋው ግርጌ ተንበርክካ እጇን ወለሉ ላይ አኖረች። ቀዝቅዟል።