ሞገድ ማበጃው ላሜራ

ጀላል ሦስተኛውን ላሜራ ይዞ ከሐይቅ ከተማ ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ፣ ከደሴ የተሳፈረበት ሚኒባስ ረዳት ዕቃው ምን እንደሆነ ጠየቀው። ጠዋት ሲወስደው ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ነበር። አሁን እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። ጀላል «ቆርቆሮ ነው» ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ የላሜራው ጠርዝ ጭኑን ይወጋው ነበር። እሱ ግን ልብ አላለውም። ያንገበገበው ሌላ ነገር ነው፤ ፋኢዛ የተጠቀለለውን ብረት አይታ አንድም ቃል አለመናገሯ።

ነገሩ የጀመረው በ2007 ጥር ላይ ነው። ጀላል ባለፈው ዓመት ኅዳር ከሳውዲ ከተባረሩት ብዙ ሺህ ሰዎች አንዱ ነበር። አገሩ ሲገባ እጁ ላይ የቀረው ከመሰደዱ በፊት የተማረው የብየዳ ሙያ ብቻ ስለነበር፣ ኮምቦልቻ እናቱ ግቢ ጥግ ላይ የበርና የመስኮት መሥሪያ ከፈተ። ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሐጂ በሺር የመስኮት ብረት አዘውት ሊገጥም በሄደ ዕለት ፋኢዛን አያት። ጀልባ ላይ ቆማ ከሞተሩ ጋር ትጣላ ነበር።

ፋኢዛ የሐጂ በሺር የወንድም ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከጅቡቲ ያስመጡትን ባለ ሞተር ጀልባ የምትነዳውም እሷ ነበረች። ቅዳሜና እሑድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመዝናናት የሚመጣውን ሰው ሐይቁ ላይ ታዞረዋለች። የባቡር ሐዲዱን ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆችም ይመጡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ የውኃ ላይ መንሸራተቻ ሰሌዳውን ትቶላት ሄደ።

ገመድ ይዛ፣ በጀልባ እየተጎተተች በሰሌዳው መሄድ ከለመደች ቆይታለች። የምትመኘው ግን ሌላ ነበር። በዚያው ቀን ስልኳን አውጥታ ለጀላል ቪዲዮ አሳየችው። አንዲት ሴት ከጀልባ ኋላ ሰሌዳ ላይ ቆማ ገመዱን ስትለቅ ይታያል። አትወድቅም። ጀልባው ጥሎት የሚሄደው ሞገድ ብቻ እየገፋ ይወስዳታል።

የእነሱ ጀልባ የሚያወጣው ሞገድ ግን ወዲያው አረፋ ሆኖ ይበተናል። ይህን የሚያስተካክሉ ብረቶች እንዳሉ ፋኢዛ አንብባለች፤ ከጀልባው ኋላ ግራና ቀኝ ይታሰሩና ወደ ውኃው እየወረዱ ሞገዱን ያበጁታል። ተሠርተው የሚሸጡት ባሕር ማዶ ነው። እዚህ የሚሠራቸው ሰው ታገኝ እንደሆነ ስትጠይቅ ሐጂ በሺር ጣልቃ ገቡ።

«ይኸው ልጁ ጅዳ የኖረ አይደል! የባሕር ከተማ ነው። ጀልባ እንደ ጫማው ነው የሚያውቀው» አሉ።

ጀላል እንዲያ አይደለም ሊል አፉን ከፈተ። ፋኢዛ በዚያው ቅጽበት ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ተስፋ ገና ለማንም ያልተሰጠ ይመስል ነበር። አፉን መልሶ ዘጋው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብረቶች በበር ማጠፊያ ሰቅሎ አመጣቸው፤ ጀልባው ገና ፍጥነት ሳይዝ ተገንጥለው ተንጠለጠሉ። ቀጥሎ ወፍራም ላሜራ ሠራ፤ ጀልባው አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ደፍቶ መሄድ አቃተው። ሦስተኛውን አቅጥኖ ቢሠራው ደግሞ ውኃው እንደ ወረቀት ጠቀለለው። አሸዋ የሞሉ ማዳበሪያዎችን በግራ በኩል ጭነው ጀልባውን ለማጋደል ሞከሩ። ከአረፋ በቀር ምንም አልወጣም።

ሙከራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። የማረፊያው ዓሣ አጥማጅ አግማስ ይነዳል፣ ፋኢዛ ገመዱን ይዛ ከኋላ ትከተላለች፣ ጀላል ዳር ባለው የጀልባ መወጣጫ ላይ ቆሞ ያያል። ወደ ጀልባው ና ሲሉት ከዳር የተሻለ ይታየኛል ይላቸው ነበር። ፋኢዛ ሻርፕዋ አንገቷ ላይ ተጣብቆ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ከውኃው ወጥታ ምን እንዳየ ትጠይቀዋለች። እሱም ስለ ማዕዘኑ፣ ስለ ውፍረቱ፣ ስለ ቡሎኑ የሆነ ያልሆነውን ይነግራታል። አንድ ቀን እንዲህ እያወራ ሳለ ከፊታቸው ከቀረበው የተጠበሰ ዓሣ አጥንቱን እየለቀመች ሥጋውን በእሱ በኩል ታስቀምጥ ጀመር። ቀና ብላ አላየችውም። እሱም ምን ሲል እንደነበረ ጠፋው።

በሚያዝያ ሐጂ በሺር ቁርጡን ተናገሩ። ነዳጁ ከገቢው በልጧል፣ ከባሕር ዳር ጸጋው የሚባል ሰው ረመዳን ከመግባቱ በፊት መጥቶ ጀልባውን ያያል፣ ከተስማሙ ይሸጣል። ለፋኢዛ ደግሞ ጅዳ ያለችው አክስቷ የቤት ሠራተኝነት ኮንትራት አግኝታላታለች። ሐጂ ይህን ሲናገሩ ክፋት አልነበረባቸውም። የሚመስላቸው መልካም ነገር ያገኙላት ነው።

ጀላል ጅዳን ያውቃል። በር ከውጭ ተቆልፎባቸው የሚያድሩ የወሎ ልጆችን ሰምቷል፣ አይቷልም። ያን ሳምንት የሰው በር መሥራቱን ትቶ ቀንም ማታም ላሜራ ሲቀጠቅጥ ከረመ። ተጠቅልሎ የተመለሰው ያ ሦስተኛው ላሜራ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ባዶ እጁን ሄደ። ፋኢዛ መወጣጫው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «እያወቅህ ነው እንዴ የምታበላሸው?»

ጀላል የሰማውን ማመን አቃተው።

«ከተሳካ መምጣትህ ይቀራል። ለዚያ ከሆነ ንገረኝ። እኔ አልቀየምም፤ ግን ጊዜ የለኝም።»

ፊቱ ጋለ። እወድሻለሁ ሳይል እንደሚወዳት ታውቆበታል፤ ያ አሳፈረው። ከዚያ የባሰው ግን እያወቀ የሚያበላሽ ባለሙያ መስሏት መክረሟ ነበር።

«ወላሂ እያወቅሁ አይደለም» አለ። «ስለማላውቅ ነው። ጅዳ ሦስት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሴራሚክ ነው የተሸከምኩት። ጀልባ የተሳፈርኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ከጅቡቲው ኦቦክ ወደ የመን ስንሻገር። እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አጠገቤ የነበረው ልጅ መቼ እንደወደቀ እንኳን አላየሁም።»

አግማስ ራቅ ብሎ መረቡን ሲያራግፍ ይሰማል።

«ለዚህ ነው ከዳር የምትቆመው?»

«ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

«አየሽኛ» አለ ጀላል።

ልትቆጣው የነበረው ቁጣ ፊቷ ላይ ተምታታ። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። በሚቀጥለው ሲመጣ ጀልባው ላይ ወጥቶ የማያይ ከሆነ ጨርሶ እንዳይመጣ ነግራው ወደ ቤት ገባች።

ጸጋው ጀልባውን ሊያይ የመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ጀላልም አራተኛዎቹን ላሜራዎች ይዞ በዚያው ጠዋት ደረሰ። ውፍረታቸው መካከለኛ ነው፣ ማጠፊያቸውን ከመኪና በር ነቅሎ ነው የሠራው። ግራና ቀኝ አሰራቸው። ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ጀልባው ውስጥ ገባና የኋለኛውን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ። ፋኢዛ ውኃው ውስጥ ሆና አየችውና ገመዱን ጨበጠች።

አግማስ ሞተሩን አስነሣ። ጀላል ዓይኑን አልጨፈነም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብረቶቹ የሚሠሩትን ከላይ ሆኖ ተመለከተ፤ ሁለቱም ውኃውን እኩል ይገፋሉ፣ የተገፋው ውኃ መሀል ላይ ይጋጫል፣ ሞገዱም እንደ ወትሮው ተበታትኖ አረፋ ይሆናል። ፋኢዛ ገመዱን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። መወጣጫው ላይ ጸጋው ለሐጂ በሺር አንድ ነገር ይላቸዋል። ጀልባው ያረጀ ነው፣ አልወደድኩትም ማለቱ እንደነበረ ጀላል ኋላ ነው የሰማው።

ድንገት ከግራ በኩል ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። የግራው ላሜራ ተገንጥሎ ሰጠመ። የለቀቀው ብየዳው ነበር፤ የጀላል የራሱ ብየዳ። ወንበሩን ለቆ ጎንበስ አለና ባዶውን ማጠፊያ አየ። ያን ያህል ያፈረበት ቀን አልነበረም። የሚላትን እያሰበ ቀና ሲል በግራ በኩል አረፋው የለም።

በቦታው ወገብ የሚያህል፣ ለስላሳ፣ አረንጓዴ ሞገድ ቆሟል። የቀኙ ላሜራ ብቻውን በቀኝ ያለውን ውኃ ሲያዘገየው የግራው ሳይነካ ተጠራቅሞ ተነሥቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያወርዱ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲያፈርስ ነው የከረመው።

ፋኢዛ ሞገዱን አየች፣ ከዚያ ጀላልን አየች። ገመዱን ለቀቀች።

አልወደቀችም። ሞገዱ ከሥሯ ገፋት፤ አንድ ጊዜ ወደ ጀልባው ቀረበች፣ እጇን ብትዘረጋ የምትነካው እስኪመስል ድረስ ቀረበች፣ እንደገና ራቀች። አግማስ ወደ ኋላ ሳይዞር ፍጥነቱን እንደያዘ ሐይቁን አቋረጠ።

ሲመለሱ ጸጋው መወጣጫው ጫፍ ድረስ መጥቶ ቆሟል። ያን ሞገድ ጣና ላይ ለቱሪስት ሲያደርገው ታይቶታል። ጠዋት አልፈልገውም ያለውን ጀልባ፣ ሐጂ በሺር ያልጠበቁትን ዋጋ ጠርቶ እዚያው ገዛው። ተጨባበጡ። ሐጂ የጀላልን ትከሻ መታ መታ አድርገው ማሻአላህ አሉት።

ፋኢዛ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን አውልቃ ጣለችና ማንንም ሳታይ ወደ ቤት ገባች። ጀላልም ሻይ እስኪቀርብ አልጠበቀም። ደሴ እስኪደርስ በልቡ የሚመላለሰው አንድ ነገር ነበር፤ ዛሬም እንደ ወትሮው ቢበላሽበት ኖሮ ሰውዬው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ሲያበላሽ ከርሞ ማበላሸት በነበረበት ቀን ተሳካለት። ጅዳ የሚልካት እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ስልክ ደወለችለት። አላነሣም፤ ምን ይላታል? እንደገና ደወለች። የሰውን በር አሳጥሮ ቆርጦ አበላሸ፣ ያበላሸውን ሊቀጥል ሲል ጨርሶ አጣመመው። እናቱ ኡሙሰልማ ምግቡን ሲገፋ እያዩ «አብሽር ልጄ» እያሉ ያጽናኑታል። ምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም።

በአራተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ፋኢዛ የግቢውን በር ገፍታ ገባች። ኮምቦልቻ ስትመጣለት የመጀመሪያዋ ነው። ሰላም ሳትለው የተቆራረጡትን ብረቶች ተራምዳ ፊቱ ቆመች።

«ስልክ አይነሣም?»

«ምን እላለሁ ብዬ ነው» አለ። «ጀልባሽን ያሸጥኩት እኔ ነኝ።»

«ያናደደኝ ጀልባው አይደለም። አንተ ዝም ስትል ነው የምናደደው። መጀመሪያ ዝም አልክ፣ ይኸው አሁንም ዝም ትላለህ። ጸጋው ጀልባውን የሚነዳለት ሰው ይፈልጋል፤ አግማስ እኔን ጠቆመለት። ለአጎቴ ጅዳ አልሄድም ብያቸዋለሁ። ተቆጥተዋል፣ ይበርድላቸዋል። ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ይህን ልነግርህ ነው ስደውል የከረምኩት።»

ጀላል ከተቀመጠበት ተነሣ። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ መጡበት። ጅዳ አትሄድም፤ ግን ትሄዳለች።

«ኮምቦልቻ እናቴ አሉ፤ ይህ ቤት...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ና አላልኩህም» አለች። ድምፅዋ ግን ቀነሰ። «የምትለው ካለህ በል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ጀላል የእጁን ጥላሸት በሱሪው ጠረገ። ሲናገር የራሱ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰለው።

«ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ልላክ?»

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በዚያችው ቅጽበት መብራት መጣ። መብራት ሲጠፋ ሳያጠፋው የተወው የብረት መቁረጫ ግራይንደር ጠረጴዛው ላይ ጮኾ ተነሣ። ያለችውን ከነጭራሹ አልሰማም። ተሯሩጦ ሶኬቱን ነቀለና ዞረ።

«ምን አልሽ?»

ፋኢዛ መልሳ ላለመናገር ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሻርፕዋን እያስተካከለች፣ «ከዒድ በፊት ነው ያልኩት» አለች።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ሐይቅ ሄዱ። ሐጂ በሺር ገና ስላልበረደላቸው ለወጉ ሁለት ጊዜ መለሷቸው፤ በሦስተኛው እሺ አሉ። ኒካው ረመዳን ሊገባ ሲል ታሰረ። ኡሙሰልማ ግቢውን ትተው እንደማይሄዱ፣ ልጃቸው ግን ሚስቱን ተከትሎ ይሂድ ብለው ራሳቸው መሣሪያዎቹን አስጫኑለት።

ጣና ላይ የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ሞገዱን እየመታ በታተነው፣ ላሜራውም እንደ አዲስ መስተካከል ነበረበት። ጸጋው መሪውን ይዞ ነበር፤ ጀላል ጀልባው ውስጥ ሆኖ ሁሉንም አየ፣ ፋኢዛም አራት ጊዜ ወደቀች። ያን ማታ የተከራዩአት አንዲት ክፍል ውስጥ አንዱ ጥፋቱ የማዕዘኑ ነው፣ ሌላዋ የፍጥነቱ ነው እያሉ እስኪሰለቻቸው ተከራከሩ። ሁለቱም እንደተናደዱ እራት ቀረበ፣ እንደተናደዱም በሉ። ከዚያ ጀላል በሩን ከውስጥ ዘጋና መብራቱን አጠፋ።