የተሸፈነው ፊት

ሟቹ ከተቀበረ በኋላም ከሥራ አልወጣም ነበር። በመሥሪያ ቤቱ የመልእክት መለዋወጫ ላይ ከስሙ ጎን ያለችው አረንጓዴ ነጥብ እንደበራች ናት። ሠራተኞቹ ጠዋት ስክሪናቸውን ሲከፍቱ እሷን ያያሉ፤ አይተውም ዓይናቸውን ያሸሻሉ። የመዝገብ ቤቱ ቀልደኛ «በሕይወት ሳሉም መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ» ብሎ ሊያስቅ ሞክሮ የሚስቅለት አጣ።

መርማሪዋ የተላከችው ለፊርማ ያህል ነው። ጉዳዩን የያዘው ባልደረባዋ ታሞ አልጋ ሲይዝ አለቃዋ ጠርቶ፣ ያለቀ ነገር ነው፣ ልጅቷን ነገ ፍርድ ቤት እናቀርባታለን፣ አንቺ ሄደሽ የጎደለውን አሟዪ አላት። እሷ ደግሞ ያለቀ ነገር ሲሰጧት ከሥሩ ገልብጣ የማየት ክፉ አመል ነበረባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ የቴክኖሎጂ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። የተገኘው ምድር ቤት ባለው፣ ዋናዎቹ ኮምፒውተሮች በተቀመጡበት የሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ነው። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆ ክፍሉን አየር አሳጥቶታል፤ ጋዙን የሚለቀው እጀታ ያለው ከበሩ ውጭ ሲሆን፣ በሩም በውጭ በኩል ተቀርቅሮ ነበር። የማስጠንቀቂያው ደወል በእድሳቱ አቧራ እየተነሣ ያለ ምክንያት ስለሚጮህ ሁሉም ተስማምተው ካዘጉት ሰንብቷል። ሐኪሙ ክፍሉ እንደ በረዶ ቤት የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የሞተበትን ሰዓት መናገር አልችልም አለ። ሰዓቱን የተናገረው ሟቹ ራሱ ነው። ከምሳ በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር የሚመርጠው ኮሚቴ አባላት አዳራሽ ተቀምጠው ሲጠብቁት «ጀምሩ። ታች ማሽኖቹን አይቼ እመጣለሁ» የሚል መልእክት ላከላቸው። ሳይመጣ ስብሰባው አለቀ፤ ምክትሉ ሊጠራው ወርዶ ሬሳውን አገኘ።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ከሚወርዱት መካከል በዚያን ሰዓት አዳራሽ ያልነበረችው የሟቹ ቴክኒሻን ብቻ ናት። ላይኛው ፎቅ ለብቻዬ ኬብል ስዘረጋ ነበር ትላለች፤ ያያት ሰው ግን የለም፤ የተያዘችውም በዚህ ነው። የሟቹ ሚስት የእህት ልጅ ናት። ባልና ሚስቱ ከሕፃንነቷ አሳደጓት፤ አክስቷ ስትሞትም ከሟቹ ጋር አብራ ኖረች። የሟቹ ታላቅ እህት ግን ለፖሊስ ቃሏን ስትሰጥ «ወንድሜ ልጅ አልወለደም። እሷ ያስጠጋት ሰው ናት» ብላ፣ ከለቀስተኛውም መካከል አስወጥታታለች።

መርማሪዋ ልጅቷን አስመጥታ የሟቹ ቢሮ ውስጥ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣች፣ እጇን የምታስቀምጥበት የጠፋት ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሰፊ ስክሪንና የመጽሐፍ ያህል የምትሆን ጥቁር ሳጥን አለ።

«ኮምፒውተሩ የታለ?» አለች መርማሪዋ።

«ታች ነው። እዚህ ያለው ማሳያው ብቻ ነው። ሰው የትም ሄዶ ቢቀመጥ ስሙንና ፓስወርዱን ካስገባ፣ ዴስክቶፑ እንደተወው ይከፈትለታል። አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች ለማስቀረት የምንሞክረው ይህን ነው።»

«ባለቤቱ ሲሞትስ?»

«እሱ ማሽኑ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ሰው ካልዘጋው ክፍት ነው።»

«ክፈቺልኝ።»

ስክሪኑ ሲበራ አንዲት ሴት ስትስቅ የሚያሳይ ፎቶግራፍ መጣ። ሳቋ የሚታወቀው ግን ከአንገቷና ከትከሻዋ ነው፤ ፊቷን የፋይል ምልክቶች እንደ ትቢያ ተከምረው ሸፍነውታል። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ማነው የነካው?»

«ማን ሊነካው ይችላል?»

«ማንም። ሁሉም ፈርቶ የገባ የለም።» ድምፅዋ ቀጠነ። «አክስቴ ናት። ጋሽዬ ፊቷ ላይ ምንም አያስቀምጡም። ፋይሉን ሁሉ ዳር ዳር ነው የሚደረድሩት። አንድ ጊዜ ሳላውቅ መሐል ባስቀምጥ "ነይ አንሺላት፣ አየር ታግኝበት" ብለው ከምግብ አስነሥተውኛል።»

የሟቹ ጸሐፊ ተጠርታ ገባች። ስክሪኑን ስታይ አማተበች። ከምሳ በፊት ወረቀት ላስፈርም ስገባ እመቤቲቱ ፊታቸው ጥርት ብሎ ይስቁ ነበር፣ እሳቸውም ወዲያው ወደ ምድር ቤት ወረዱ፣ ሲመለሱ አላየሁም አለች። ከዚያ ወዲህ ግን መጥተው ቢሆን አይገርመኝም ብላ ቶሎ ወጣች።

መርማሪዋ ፎቶግራፉን ብዙ አየችው። ሙት ቢሮው ቢመለስ ይህን ሁሉ ሰው አስፈርቶ የሚወዳትን ሴት ፊት ለምን ይሸፍናል? ፊቷ ላይ አንድ ምልክት እንኳ የማያስቀምጥ ሰው ከምሳ በኋላ መጥቶ መልእክት ሲጽፍ፣ ይህን ክምር አይቶ ዝም ይላል?

«ሰው ሳያንቀሳቅሳቸው እነዚህ ነገሮች ቦታ የሚለቁበት ምክንያት አለ?»

«አለ። ሰፊ ስክሪን ላይ የተደረደረ ዴስክቶፕ ትንሽ ስክሪን ላይ ሲከፈት ዳር ያሉት መቆሚያ ያጣሉ። ወደ መሐል ይገፋሉ። ወደ ሰፊው ሲመለስም እዚያው…» ልጅቷ ንግግሯን ሳትጨርስ መርማሪዋን አየቻት።

«ትንሽ ስክሪን የት አለ?»

«አሮጌዎቹን ሁሉ መጋዘን አስገብተናል። አንዲት ወርዷ ከቁመቷ ብዙም የማይበልጥ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርታለች፣ አዳራሽ። የሒሳብ ኃላፊዋ እትዬ ሒሳብ ናቸው "አሮጌውም ይሠራል፣ አሳይሻለሁ" ብለው ያስመጧት።»

«ፓስወርዱንስ ማን ያውቃል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ለሙከራ ጊዜ ተብሎ ለሁሉም የተሰጠው አንድ ፓስወርድ ነው፤ የሰጠችውም እሷ ናት። ሙከራው ሲያልቅ እንቀይራለን ተባብለው ነበር። ለፊተኛው መርማሪ ለምን እንዳልነገረችው ስትጠየቅ፣ እሱ የጠየቀኝ የት እንደነበርኩ ብቻ ነው አለች።

መርማሪዋ ከዚያ ሦስቱን የኮሚቴ አባላት በየተራ አነጋገረች። ምክትሉ ሬሳውን ካየ ጀምሮ ብርሃን ሳያጠፋ የሚተኛ ሰው ነው። እሱ የሚፈልገው ምንም እንዳይለወጥ ነበር፤ ሰው የራሱን ኮምፒውተር ይያዝ፣ ታች ያለው ማሽን አንድ ቀን ቢታመም ሁላችንም እንታመማለን ባይ ነው። የግዢ ኃላፊው ፈገግተኛ፣ ለሁሉም ወንበር የሚስብ ሰው ሲሆን፣ ኮሚቴው የአንድ አቅራቢ ሳጥኖችን ይምረጥ ሲል ከርሟል። ሟቹና እኔ ልባችን አንድ ነበር፣ የዘገየነው ለወጉ ነው አለ። በመሥሪያ ቤቱ እትዬ ሒሳብ የሚሏት የሒሳብ ኃላፊዋ ይህን ስትሰማ በአፍንጫዋ ሳቀች።

«ልባቸው አንድ ከነበረ አንዱ ልብ ከእኛ ተደብቆ ነበር በይ። ሟቹ መጀመሪያ ሠራተኛው የሚሠራበትን ሶፍትዌር እንወቅ፣ ሳጥኑ ከዚያ ይመጣል፣ ጫማ ሳይለካ አይገዛም ይል ነበር። እነዚያ ሳጥኖች ደግሞ የእኔን የሒሳብ ፕሮግራም ሲከፍቱ እንደ ደከመ በሬ ይተኛሉ።»

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከሰርቨሩ ክፍል ጎን ባለው መጋዘን ውስጥ ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ ሁሉም የዚያ አቅራቢ ሳጥኖች ናቸው። ኮሚቴው ገና አልወሰነም፤ ዕቃው ግን ገብቶ አድሯል። የመጋዘኑ ጠባቂ ያስገባቸው የግዢ ኃላፊው እንደሆነ፣ ሟቹም በሞተበት ቀን ጠዋት መጥቶ ቆሞ እንዳያቸውና «ዛሬ ከሰዓት ይነገራል» ብሎ እንደሄደ ነገራት።

ከመውጣቷ በፊት የሰርቨሩን ክፍል በር አየች። በውስጥ በኩል፣ ሰው በቡጢው በሚደርስበት ቁመት ላይ፣ ቀለሙ ተፍቋል። ከጀርባዋ ማሽኖቹ ሳያቋርጡ ይተነፍሳሉ። አንገቷ ላይ ብርድ ስላረፈባት ከወትሮዋ ፈጥና ደረጃውን ወጣች።

ከምሳ በኋላ ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበች። ቴክኒሻኗ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ የሟቹ እህት ጥቁር ለብሳ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ናት። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ለውድድር የቀረቡት ሦስት ስክሪኖች እንደነበሩ አሉ፤ ሁለቱ ሰፋፊ፣ አንዷ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ መስኮቱ ፊት ለፊት ናት፤ ጀርባዋን ለሌሎቹ ሰጥታለች።

«በዚያ ቀን በተቀመጣችሁበት ተቀመጡልኝ» አለች መርማሪዋ።

ምክትሉ ሄዶ ተቀመጠ። የግዢ ኃላፊው ለእትዬ ሒሳብ የአራት ማዕዘኗን ወንበር ስቦላት፣ እሱ ሁለተኛው ሰፊ ስክሪን ጋ ተቀመጠ። እትዬ ሒሳብ ግን እንደቆመች ቀረች።

«ምነው እትዬ?» አለች መርማሪዋ።

«ቦታዬን ይዞብኝ ነዋ» ብላ ወደ ግዢ ኃላፊው ዞረች። «ፀሐይዋ ዓይኔን ስትወጋኝ "እትዬ፣ ይነሡ፣ እኔ እችለዋለሁ" ብለህ ያስነሣኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ? እዚህ የተቀመጥከው አንተ፣ እዚያ እኔ።»

«ያ ሌላ ቀን ነው እትዬ» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ።

«በሌላ ቀን እነዚህ ስክሪኖች ፊት ማን ተሰብስቦ ያውቃል?»

ምክትሉ ሳል ቢጤ ሳለና፣ እኔም ሲቀያየሩ አይቻለሁ አለ።

መርማሪዋ ድምፅዋን ሳታነሣ ቀጠለች። «እስከዛሬ ሁላችሁም የምትሉት አንድ ነው፤ ሰውየው መልእክቱን ሲልክ በሕይወት ነበረ፣ ስለዚህ የገደለው ከአዳራሹ ውጭ የነበረ ሰው ነው። ግን መልእክቱን ሲልክ ያየው የለም። ጸሐፊዋ ከምሳ በፊት ወደ ምድር ቤት ሲወርድ አየችው፤ ሲመለስ ያየ የለም። ዴስክቶፑ ግን በዚህ መሐል ተከፍቷል፤ የተከፈተውም የእሱ ቢሮ ውስጥ ካለው ሰፊ ስክሪን ላይ አይደለም፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ነው። እንዴት እንዳወቅሁ ታያላችሁ።» ወደ ቴክኒሻኗ ዞረች። ልጅቷ ሁለተኛው ሰፊ ስክሪን ጋ ሄዳ የራሷን ዴስክቶፕ ከፈተችና ፋይሎቿን ዳር ዳር ደረደረች። ከዚያ አራት ማዕዘኗ ላይ ከፈተችው፤ ምልክቶቹ ተገፍተው መሐል ላይ ተከመሩ። ወደ ሰፊው ስትመልሰውም እዚያው ነበሩ።

«በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ስክሪን ይህች ብቻ ናት» አለች መርማሪዋ። «ፓስወርዱ የሁላችሁም አንድ ነው። ስለዚህ ሟቹ የጻፈው የመሰላችሁ መልእክት የተጻፈው እዚሁ፣ እናንተ በር በሩን እያያችሁ ስትጠብቁት፣ በመካከላችሁ በተቀመጠ ሰው ነው። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ሰውየው የሞተው ከምሳ በፊት ነው፤ አዳራሽ መሆን ለማንም መከላከያ አይሆንም፣ አለመሆንም ወንጀል አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጣችሁት መካከል ከሰዓት ቢነገር ጉዱ የሚወጣው ታች ያሉትን ካርቶኖች ያስገባው ነው። አሁንም ቦታህን ስጠይቅህ ከዚያች ወንበር የሸሸኸው አንተ ብቻ ነህ።»

የግዢ ኃላፊው ፈገግታውን ሊይዘው ሞከረ፤ አልያዘለትም። በወንበር ጉዳይ ሰው አይከሰስም አለ። የሟቹ እህት ከመቀመጫዋ ሳትነሣ አየችው።

«ወንድሜ ሲሞት ምን አለ?»

«እኔ አላውቅም።»

«በሩ ላይ ነው የተገኘው። ዝም ብሎ አልሞተም። ምን አለ?»

ሰውየው እጆቹን ጭኑ ላይ ጣላቸው። ስለ ካርቶኖቹ አትናገርብኝ ብሎ ሊለምነው ወርዶ እንደነበር፣ ሟቹ እንቢ ብሎ ጀርባውን ሲሰጠው በሩን ገፍቶ እንደቀረቀረበት፣ እጀታውንም እንዴት እንደሳበው ለራሱ እንደማይገባው ተናገረ። በኋላ ሞቱ አደጋ እንዲመስል መቀርቀሪያውን ሊከፍት ደረጃው አፍ ድረስ ደርሶ፣ ፈርቶ ተመለሰ።

«በሩን ይደበድብ ነበር» አለ ወደ ማንም ሳያይ። «የወጣሁ መስሎታል። "ልጄ፣ ክፈቺልኝ" ይል ነበር። ታች የምትወርደው እሷ ስለሆነች የምትመጣ መስሎት። "ልጄ፣ ልጄ" ይላል፤ ከዚያ ድምፁ ጠፍቶ እጁ ብቻ ቀረ። አሁን ቤቴም ያው ነው። የልጆቼን በር ዘግቼ መተኛት አልቻልኩም።»

ቴክኒሻኗ አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

የሟቹ እህት ተነሣች። ትልልቅ ሰዎች ሲከብዳቸው እንደሚያደርጉት ጠረጴዛውን እየያዘች ሄዳ ልጅቷ አጠገብ ቆመች። ጎንበስ ለማለት ጉልበቷ እንቢ ስላላት እጇን ዘረጋችላት።

«ተነሺ» አለቻት። «ቤት እንሂድ። ለቀስተኛው እየጠበቀን ነው።»

ሁለቱ ተደጋግፈው ሲወጡ የሴትየዋ ዝግተኛ እርምጃ ደረጃው ላይ ይሰማ ነበር። መርማሪዋ እስኪርቅ ጠበቀች። የግዢ ኃላፊው ግን እርምጃው ካለቀም በኋላ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር የሚሰማ ይመስል ራሱን ወደ ወለሉ አዘንብሎ ቀረ።