የዝናሽ ግራ ብሌን

ንጋቷ አዲስ አበባን ለቅቃ ወደ ትውልድ ከተማዋ ደብረ ብርሃን ተመልሳ የዓይን ክሊኒክ ሥራ ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል። ለምን እንደተመለሰች ለእናቷ እንኳ አልነገረችም።

አዲስ አበባ የዓይን ባንክ ውስጥ ስትሠራ ሰዎች ከሞቱ በኋላ እንዲወሰድ የለገሱትን የዓይን ብሌን ለንቅለ ተከላ ታዘጋጅ ነበር። ብሌኑን በምስል ማሽን ታነሳዋለች፤ ንብርብሩንና ውፍረቱን ስክሪኑ ላይ እያየች ለሐኪሙ የሚያስፈልገውን ስስ ሽፋን ትለያለች። አንድ ቀን ምስሉ ላይ ፀጉር የመሰለች ነጭ መስመር አየች። የማሽኑ ችግር መሰላት። ሐኪሙ እየጠበቀ ነበርና ቀጠለች። ሽፋኑ በመስመሯ ላይ ተቀደደ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ያቺ መስመር ትመጣባታለች።

ቃለ አብን ያወቀችው ተማሪዎቹን ለምርመራ ከአንኮበር ይዞ በመጣ ጊዜ ነው። የቄስ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህር ነው። ሰው ሲያነጋግር የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል ዓይን ዓይኑን ያያል። መጀመሪያ አፈረች፤ ኋላ ለመደችው፤ በኋላማ ካላየችው ቀኑ አልመሽ ይላት ጀመር። እሱም አንዴ ለመነጽር፣ አንዴ ለመድኃኒት፣ አንዳንዴም ያለምንም ምክንያት ብቅ ይላል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ አንኮበር ወሰዳት። ጉሙ ከቆላው እየወጣ እግራቸው ሥር ደርሷል።

«ላገባሽ እፈልጋለሁ» አላት። «ግን አስቀድሞ የምነግርሽ አለ። ሚስት ነበረችኝ፤ ዝናሽ። በልብ ሕመም ሞተች። ዓይኗን ለመለገስ ፈርማ ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ቢቃወምም ቃሏን ጠበቅኩላት። አባቴ እስካሁን በሙሉ ልቡ አያናግረኝም።»

ንጋቷ ወደ እሱ ዞረች፤ እሱም ቀጠለ።

«አሁን ሁለት ሰዎች በእሷ ዓይን ያያሉ። ሰው ዓይን ላይ የማፈጠው ለዚህ ነው። አንድ ቀን የማገኛት ይመስለኛል።»

ከደረት ኪሱ ከዓይን ባንኩ የተላከለትን የምስጋና ደብዳቤ አውጥቶ ሰጣት። ግርጌው ላይ የለጋሿ ቁጥር ተጽፏል። ንጋቷ ያን ቁጥር በሕልሟም ታውቀዋለች።

«ዝናሽ ዓይኗን ታማ ታውቃለች?»

«ልጅ ሳለች እነዋሪ እናቷ አገር አውድማ ላይ የገብስ ዛላ ግራ ዓይኗን ወግቷት ነበር። ግን ድኖላታል። ምነው?»

መዋሸት ትችል ነበር። እሷ ካልተናገረች የሚነግረው የለም።

«ብሌኖቿን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቀኙ ተሳካ። ግራው እጄ ላይ ተቀደደ። ጠባሳው ምስሉ ላይ ታይቶኝ ነበር፤ ቸኩዬ አለፍኩት። በእሷ ዓይን የሚያየው አንድ ሰው ነው፣ ቃለ አብ። ሁለት አይደሉም።»

ደብዳቤውን ከእጇ ወስዶ ቀስ ብሎ አጠፈው።

«ለዝናሽ እናት ሁለት ብያቸዋለሁ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነባት። «ሙት ዓመቷ በመጣ ቁጥር ሁለት እላቸዋለሁ።»

ሚኒባስ ውስጥ አስገብቷት ቻው እንኳ ሳይላት ተመለሰ።

ከአንድ ወር በላይ አልደወለም። ንጋቷ ከሥራ ስትወጣ ከኋላዋ ሴት የምትከተላት ይመስላታል። ዞራ ስታይ የደብረ ብርሃን ነፋስ ብቻ ነው።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ከሰዓት ብቻውን ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«እነዋሪ ሄጄ ለእናቷ ነገርኳቸው» አለ።

«ምን አሉ?»

«ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ‹አንዱስ ያያል?› አሉኝ። አንቺን ልጠይቅ መጣሁ።»

«ሴት ናቸው፤ ያያሉ» አለችው። «ስማቸውን መናገር አይፈቀድልኝም። ፋሻው ሲፈታ ግን እዚያው ነበርኩ። የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ‹ውይ፣ አርጅተሻል!› አሏት።»

ቃለ አብ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነበት።

«ይቅር ብለኸኛል?»

«አላውቅም። ልጠላሽ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

በጥር ከመጋባታቸው በፊት አብረው እነዋሪ ሄዱ። የዝናሽ እናት በራቸው ላይ ቆመው ንጋቷን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እሷ አንገቷን ደፋች።

«ግቢ ልጄ፤ ደጅ ብርድ ነው» አሏት በመጨረሻ።

ከዝናሽ ፎቶ ትይዩ አስቀመጧት። ንጋቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የዝናሽን ፊት አየች።